ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ ለክብር ዘበኛነት የተዘጋጀው እረኛ

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሸዋ በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ። ዕለቲቱ ምእመናን ሁሉ ጾመ ፍልሰታን የሚጀምሩባት ናት። ገና ሕፃን ሳለ የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ስለ ወረረ ቤተ ሰቡ ወደ ጎሮ ተሰደደ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን ወደ ጃቶ ተመልሶ በእርሻ ኖረ።

በዚያ ዘመን ለባላገር ልጅ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩት። አንደኛው ከብት የሚጠብቅበት መስክ ነው፤ ሁለተኛውም የቄስ ትምህርት ቤት ነው። አበበ በሁለቱም ተማረ። በመስኩ ፀሐይንና ዝናምን፣ ረኀብንና ጥምን መታገሥን ለመደ፤ ዳገቱንም በባዶ እግሩ ወጣ ወረደ። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ የቄስ ትምህርቱን ፈጸመ። ይህ ትምህርት ልጅን ከፊደል ጀምሮ እስከ ዳዊት የሚያደርስ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ቃል እስኪጠራ ድረስ መቶ ጊዜ መመላለስን፣ መምህር ሲያዝ ያለ ማጕረምረም መታዘዝን፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት መነሣትን የሚያስለምድ ነው። ከዚህም ጋር አበበ በዋና ብርቱ ነበረ፤ በልደት በዓልም ከእኩዮቹ ጋር የገና ጨዋታ እየተጫወተ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ይሮጥ ነበር። ማንም ለውትድርና ያዘጋጀሁት ነው ሳይል፣ እርሱም እዘጋጃለሁ ሳይል፣ የዝግጅቱ መሠረት በዚህ ተጣለ።

ለአካለ መጠን በደረሰ ጊዜ የጐልማሶች ሁሉ ምኞት ክብር ዘበኛ መግባት ነበር። ክብር ዘበኛ ከጦር ሠራዊቱ ሁሉ ተመርጦ ንጉሠ ነገሥቱንና ቤተ መንግሥቱን የሚጠብቅ ጦር ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ከጠላት ጋር ፊት ለፊት ተዋግቶ ብዙ ሰው የወደቀበት ይኸው ጦር ነበረ። ከነጻነት በኋላ እንደ ገና ተደራጀ፤ በ1943 ዓ.ም.ም ቃኘው የተባለውን ሻለቃ ከመካከሉ መርጦ ወደ ኮርያ ላከ። ተከታትለው ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 የሚበልጡ ወታደሮች በዚያ ሩቅ ሀገር ሕይወታቸውን ሲሰጡ አንድ ስንኳ ለጠላት እጁን አልሰጠም። ስለዚህ በዚያ ወራት ወደ ክብር ዘበኛ የሚገባ ጐልማሳ የሚመኘው ያማረውን ልብስና የሰልፉን ግርማ ብቻ አልነበረም፤ ከቤቱ ሲወጣ ሞትም ከፊቱ እንደ ቆመ ያውቅ ነበር።

አበበም ከጃቶ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዓመቱም፣ በ1944 ዓ.ም. ገደማ፣ በሃያ ዓመት ዕድሜው በክብር ዘበኛ በአምስተኛው እግረኛ ጦር ተመዘገበ። ለዚህ ደጅ ያቀረበው የዘመድ ብርታት ወይም ሀብት አልነበረም፤ በመስክ የጸና ጤናማ አካልና በቄስ ትምህርት ቤት የተገራ ጠባይ ነበር እንጂ። ሰልፍ መቆም፣ ዘብ ማደር፣ የታዘዘውን ሳይመልሱ መፈጸም ለብዙዎች ጐልማሶች ከባድ ቀንበር ነው። ሌሊት ተነሥቶ ቆሞ መጸለይን ካደገበት ሀገር ለመጣ ሰው ግን አዲስ ነገር አይሆንም።

በጦሩ ውስጥ ስሙ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት አገለገለ። ከሱሉልታ ተራራ እስከ አዲስ አበባ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ይህን ትጋቱን የተመለከተ ኦኒ ኒስካነን የተባለ፣ ክብር ዘበኛን በስፖርት ያሠለጥን የነበረ ስዊድናዊ ነው። አሠልጣኙም በሥርዓት አስሮጠው፤ የእርምጃውንና የትንፋሹን ልክ አስተማረው። አበበ መምህሩን እንደ ረድእ አገለገለ፤ የተባለውንም አልጨመረበትም አልቀነሰበትም። በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገው የማራቶን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ወደ ሮም ኦሊምፒክ እንዲሄድ ተመረጠ።

የሮም ማራቶን የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው እንደ ልጅነቱ በባዶ እግሩ ሊሮጥ ቈረጠ። ሠርክ ላይ ተነሥተው በመሸ ጊዜ በጥንቱ የአፕያ መንገድ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መካከል፣ አበበና ሞሮኮዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ይሮጡ ነበር። ከመድረሻው አጠገብ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ወራሪው በዘመነ ፋሺስት ነቅሎ የወሰደው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም የተተከለው ያ ሐውልት ነው። አበበ በዚያ ሥፍራ ፍጥነቱን ጨምሮ ባልንጀራውን ቀደመ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ ከቆስጠንጢኖስ በር ደረሰ። ሮም ጦር ሠራዊቷን ወደ አዲስ አበባ ካስገባች ሃያ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር ግን ወደ ሮም የገባው መሣሪያ ይዞ ሳይሆን በባዶ እግሩ፣ በማንም ላይ ክፉ ሳያደርግ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ሸለሙት፤ በማዕርግም ከፍ አደረጉት።

ይህ ደስታ ሦስት ወር እንዳለፈው ክብር ዘበኛን ታላቅ ፈተና አገኘው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ሳሉ የጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ ንዋይ በመንግሥት ላይ ተነሡ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የታዘዙበትን ምክንያት በቅጡ ሳያውቁ ከጦር ሠራዊቱ ወንድሞቻቸው ጋር ተዋጉ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የነፍስ አባት አባ ሐና ጅማና ሌሎችም ታላላቆች ተገደሉ። አበበ በነገሩ እጁ አልነበረበትም፤ ሆኖም ተይዞ ተጠየቀ፤ ንጹሕ ሆኖ ስለ ተገኘም ተለቀቀ።

ከዚህ ታሪክ ገዳማውያንም የሚመለከቱት ነገር አለ። መታዘዝ ለወታደርም ለመነኵሴም የሥራው ሁሉ ምሰሶ ነው፤ ነገር ግን አዛዡ ከመንገድ ሲወጣ የታዛዡ ቅንነት ራሱ የጥፋት መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ የሚታዘዝ ሰው ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው ሁሉ የሚያዝ ሰው ደግሞ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያስፈልገዋል። ብዙ ነፍስ በእጁ ነውና።

አበበ ወደ ሥራው ተመልሶ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተዘጋጀ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ውድድሩ ሊደረግ የቀረው አምስት ሳምንት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በዓለም ያልተደረሰበት ፍጥነት አሸነፈ። ከእርሱ በኋላ የገባው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘገየ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ፤ እግሩ ታምሞ ስለ ነበረ ግን ሩጫውን አቋረጠ። ድሉ የክብር ዘበኛ ባልንጀራው የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱ የሸለሙትን ፎልስዋገን እየነዳ ሳለ በሸኖ አቅራቢያ መኪናው ተገለበጠ፤ አከርካሪውም ተጐድቶ እነዚያ እግሮች ዳግመኛ መሄድ አልቻሉም። ወደ እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሐኪም ቤት ተወስዶ ወራት ያህል ታከመ፤ ነገር ግን አልተራመደም።

የዝግጅቱም ፍሬ ከሁሉ ይልቅ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። እግርን የሚያሠለጥን መምህር ብዙ ነው፤ እግር ሲጠፋ የሚጸና ልብ ግን ከልጅነት ካልተዘራ በአንድ ቀን አይበቅልም። አበበ ድሉን ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለ ሁሉ አደጋውንም ከዚያው ፈቃድ እንደ ተቀበለ ለጠየቁት ይናገር ነበር። በመንኰራኵር ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር በአካል ጕዳተኞች ውድድር ተሰለፈ፤ በዓመቱም በኖርዌይ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። አስከሬኑ ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በወታደር ሥርዓት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። እርሱ የተመዘገበበት ክብር ዘበኛም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ፈረሰ፤ የጦሩ ሰፈርና ሥርዓት አለፈ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቲያንን በወታደርና በሩዋጭ መስሎ አስተምሯል፤ አበበ ቢቂላ ሁለቱንም በአንድ ሰውነት ሆኖ ኖረ። ልጁን ለትልቅ ሥራ ሊያዘጋጅ የሚወድ አባት፣ ደቀ መዝሙር የተሰጠውም መምህር ከዚህ ሕይወት ይማር። ሕፃኑ በንጋት ለዳዊት ሲነሣ የሚማረው ንባብን ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን የፈተና ቀን ይጠባበቃል እንጂ። እግዚአብሔር የሻምበል አበበን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ጋር በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ። አሜን።