ኳስን ሥራ ያስያዘው ሰው፡ አል-ጀዘሪ

ሽቦ አጣምሞ ሐዲድ መሥራት፣ ከላይ ትንሽ ኳስ መልቀቅ፣ ከዚያ እየተንከባለለች፣ እየዘለለች፣ ደወል እየመታች ስትወርድ ማየት! ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። በእጃቸው ሠርተው እየሸጡ የሚተዳደሩበትም አሉ። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ግን ከ800 ዓመት በፊት ኳስን ሥራ ስላስያዘ ሰው ነው።

ኢስማዒል አል-ጀዘሪ ይባላል። የኖረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መጠሪያውን ያገኘው በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ካለው፣ ጀዚራ ከሚባለው አገር ነው። በዛሬዋ ቱርክ፣ ዲያርባክር ላይ፣ አርቱቂድ የሚባሉትን ገዢዎች 25 ዓመት ያህል አገልግሏል። ደንበኛው ቤተ መንግሥቱ ነበር። ውሃ የሚስቡ ማሽኖች፣ ፏፏቴዎች፣ ሰዓቶች ሠራ። ለቤተ መንግሥቱም የናስ በር ሠርቷል።

ስሙን ያስጠራው የዝሆን ሰዓቱ ነው። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ የውሃ ገንዳ አለ። ውሃው ላይ ከሥሩ የተበሳ ጎድጓዳ ሳህን ይንሳፈፋል። ሳህኑ ቀስ እያለ ውሃ ይሞላና በግማሽ ሰዓቱ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ገመድ ይስባል፤ ከላይ ብይ የመሰለች የብረት ኳስ ትለቀቃለች። ኳሷ ከጭልፊት አፍ ወጥታ እባብ አፍ ውስጥ ትገባለች። እባቡ ከብዶት ወደታች ሲያዘነብል የሰመጠውን ሳህን ጎትቶ ያወጣዋል። ኳሷም ማሰሮ ውስጥ ወድቃ ናስ ታስጮሃለች፤ እባቡ ቀሎት ቀና ይላል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው!

ልብ በሉ፤ ባትሪ የለም፣ ሞተር የለም። አንዲት ኳስ በመውደቋ ብቻ ሰዓቱን ትናገራለች፣ ማሽኑንም ለሚቀጥለው ዙር መልሳ ታዘጋጃለች።

ሌላው ሰዓቱ ደግሞ ቁመቱ ከ3 ሜትር በላይ ነበር። ቀኑን ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ 12 ሰዓት ብሎ ይቆጥራል። በየሰዓቱ በር ይከፈታል፣ ሁለት ጭልፊቶች ኳስ ይጥላሉ። የክረምትና የበጋ ቀን ርዝመት ስለሚለያይ የውሃው ፍጥነት የሚስተካከልበት መላም ሠርቶለታል።

ይሄ ሁሉ እንዴት ደረሰን? ገዢው ናስር አል-ዲን ማሕሙድ የሠራኸውን ሁሉ ጻፈው ብሎ አዘዘው። አል-ጀዘሪም በፈረንጆቹ 1206 መጽሐፉን ጨረሰ። 50 መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸው አስቀመጠ፤ ምን ከምን እንደሚገጠም፣ ስንት ስፋት እንዳለው፣ ሌላ ባለሙያ አንብቦ መሥራት እንዲችል አድርጎ። ሞክሮ ያላየውን ነገር አያምንም ነበር። በዚያው ዓመት የተገለበጠ ቅጂ ዛሬም ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ዱባይ ኢብን ባቱታ ሞል ውስጥ የቆመው ትልቅ የዝሆን ሰዓትም የተሠራው ከመጽሐፉ ተነስቶ ነው። ዋናዎቹ ሰዓቶች ጠፍተዋል፤ እውቀቱ ግን አልጠፋም።

እኛን የቆረቆረንም እዚህ ጋ ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ሲናቁ፣ ስም ሲወጣላቸው ኖረዋል። ማንም ጻፉልን አላላቸውም። ስንቱ ጥበብ ከባለሙያው ጋር አብሮ ተቀበረ! አል-ጀዘሪም የእጅ ባለሙያ ነበር። ልዩነቱ የሚያከብረው ማግኘቱና መጻፉ ነው።

ዛሬ መጻፊያው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አጋርፋ፣ ሮቤ፣ ጎባ ያላችሁ ወጣቶች፣ ልጅ ሆናችሁ በሽቦና በቆርኪ መኪና ያልሠራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አሁንም በእጁ የሚሠራ አባት ወይም እናት ሰፈራችሁ ካለ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቁና አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅረጹ። ላኩልን፣ እናጋራዋለን።