የጠርሙሶቹ ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ

ሠዓሊ ለመሆን የሚመኝ ተማሪ ትልቁ ጭንቀቱ ምን ልሣል የሚለው ጥያቄ ነው። እኔም አያት በሚገኘው ቤታችን ተቀምጬ፥ የምኖረው በታላቅ ወንዝ ዳር ወይም በቤተ መንግሥት አጠገብ ቢሆን ኖሮ ሥዕሌ ያምር ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ። ከዚህ አሳብ ያወጣኝ የጆርጆ ሞራንዲ የሕይወት ታሪክ ስለ ሆነ፥ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ በአጭሩ ልነግራቸው ወደድኩ። የእርሱ የሕይወት ዘመናት የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሞራንዲ በ1890 በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። ከ1907 እስከ 1913 በዚያው ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርቱን ተከታተለ። ገና ተማሪ ሳለ አባቱ ስለ ሞቱ የቤተ ሰቡ ኀላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። ሚስት ሳያገባ ከእናቱና ከሦስት እኅቶቹ ጋር ኖረ። ለኑሮው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥዕል አስተማረ፤ ከ1930 እስከ 1956 ደግሞ ራሱ በተማረበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ቀርጾ በወረቀት የማተምን ሙያ አስተማረ።

የሥራ ክፍሉ የሚተኛባት ክፍል ነበረች። በውስጧም ጠርሙሶች፥ ማሰሮዎች፥ ቆርቆሮዎችና የአበባ ማስቀመጫዎች ተደርድረው ነበር። ጠርሙሶቹ እንዳያንጸባርቁና ቅርጻቸው ብቻ እንዲታይ፥ የተለጠፈባቸውን ወረቀት ያነሣና አንዳንዶቹን በውጭ ይቀባቸው፥ በሌሎቹም ውስጥ ቀለም ያፈስባቸው ነበር። በላያቸው የተኛው አቧራ እንኳ እንዲጠረግ አይፈልግም ነበር።

ሥራውን የሚጀምረው በብሩሽ ሳይሆን በማስተዋል ነበር። ዕቃዎቹን በጠረጴዛ ላይ ሲያቀራርብና ሲያራርቅ ብዙ ቀን ይፈጅበታል፤ ትክክለኛ ቦታቸውን ባገኙ ጊዜ ከበታቻቸው ባለው ወረቀት ላይ ዙሪያቸውን በእርሳስ ያሰምራል። በዚህም ልማድ ከ1,300 በላይ የዘይት ቀለም ሥዕሎችን ሠራ። ከቀደሙት ሠዓሊዎች ጆቶን፥ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካን፥ ሻርዳንንና ሴዛንን እንደ መምህራኑ ይቈጥር ነበር። ከአገሩ ወደ ውጭ የወጣው ግን ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ሆኖም ዝናው ቀድሞት ሄዶ፥ በ1948 በቬኒስ፥ በ1957 በብራዚል በሳኦ ፓውሎ ከተማ ከፍተኛ ሽልማት አገኘ። በ1964 በተወለደባት ከተማ ዐረፈ።

ይህን ታሪክ ለአያቴ ባነብላቸው ፊታቸው ጠቈረ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። በእኛ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ፥ ይህ ሰው ምን ይሠራ እንደ ነበረ ጠየቁኝ። ጠርሙስ ይሥል ነበር ብዬ ለመመለስ ተገደድኩ። እርግጥ በ1943 ከፋሺስት ተቃዋሚዎች ጋር በነበረው ትውውቅ ምክንያት ለጥቂት ቀናት ታስሯል፤ ከዚያ በፊት ግን ከአገሩ መንግሥት ጋር ተስማምቶ የኖረ ሰው ነበረ። ታላቅ ሰውን ማክበር ጉድለቱን መሸሸግ ስላልሆነ ይህንንም እጽፋለሁ። ጠረጴዛውን አጥብቆ የተመለከተ ዓይን፥ ከመስኮቱ ውጭ ያለውንም ማየት ነበረበት።

አያቴ ግን ጀበናቸውን አልከለከሉኝም፤ ለቡና ሰዓት እንድመልስላቸው ብቻ አዘዙኝ። ጀበናውን ከሁለት ሲኒና ከአንድ ባዶ የዘይት ጠርሙስ ጋር በመስኮቱ አጠገብ እያስቀመጥኩ፥ በየቀኑ ከትምህርት ስመለስ ሣልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥዕሎች የማንም ቤት ጀበና ይመስሉ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን የአያቴ ጀበና አንገቱ በጥቂቱ ወደ ግራ የዘመመ መሆኑን አየሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቡና ሲቀዳበት እያየሁ ያደግሁት ጀበና ነው፤ ይህን ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ምን ልሣል ብላችሁ ሩቅ አገር ከመመኘታችሁ በፊት፥ በቤታችሁ ካለው ዕቃ አንዱን አንሥታችሁ በብርሃን ፊት አስቀምጡት። እኔም አምስተኛውን ሥዕል ጀምሬአለሁ።