ኬኔት ክሬይክ እና የደከመው አብራሪ

እኛ መሐንዲሶች አንድን መሣሪያ በሥራ ላይ ከማዋላችን በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። አንደኛው መሣሪያው መቼ ይሰበራል የሚል ነው፤ ሁለተኛውና የበለጠ አስቸጋሪው፣ ሳይሰበር ልኩ ቢዛባ በምን እናውቃለን የሚል ነው። የተሰበረ የግፊት መለኪያ ራሱን ያጋልጣል፤ መርፌው ዜሮ ላይ ወድቆ ይተኛል። ልኩ የተዛባ መለኪያ ግን የተሳሳተውን ቁጥር እንደ ትክክለኛው ሁሉ በልበ ሙሉነት ያሳያል፤ ስሕተቱም የሚገለጠው ከሌላ መለኪያ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። መንገደኛ በሚያጓጕዝ አይሮፕላን ውስጥ ካሉት የሥራ ክፍሎች ሁሉ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሳይነሣለት የቆየው አብራሪው ነው። ጥያቄውን በቤተ ሙከራ ውስጥ በብረትና በሽቦ ሠርተው በግልጽ ካቀረቡት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው እስኮትላንዳዊው ኬኔት ክሬይክ ነው፤ ዕድሜውም 31 ዓመት ብቻ ነበር።

ክሬይክ መጋቢት 29 ቀን 1914 በኤዲንብራ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በዚያው ከተማ በኤዲንብራ አካዳሚ ከተማረ በኋላ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርት ተከታተለ። የፍልስፍና ተማሪ ሲባል መጽሐፍ ከመግለጥ በቀር እጁ ለሥራ የማይታዘዝ ሰው ለሚመስለን ሁሉ ክሬይክ ጥሩ ማስተባበያ ነው። ገና ከወጣትነቱ ጀምሮ በሞረድና በመፍቻ የሠለጠነ ባለእጅ ነበር፤ ኪስ ውስጥ የሚገቡ እጅግ ትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮችን ራሱ እየሠራ ይዞ ይዞር እንደነበር ይነገርለታል። በ1936 ወደ ካምብሪጅ ተሻገረ፤ እዚያም የሙከራ ሥነ ልቡና ፕሮፌሰር በነበረው በፍሬደሪክ ባርትሌት ሥር ሆኖ ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጨለማም ወደ ብርሃን ሲሸጋገር እንዴት ራሱን እንደሚያለማምድ አጠና። በ1940 የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ፤ በ1941 ደግሞ የሴንት ጆንስ ኮሌጅ አባል ሆነ።

ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት ዕድሜውን በሙሉ በዐይን ጥናት ያሳልፍ ነበር። የብሪታንያ አየር ኃይል ግን መልስ የሚሻ አንድ ጕዳይ ይዞ መጣ። ብዙ አብራሪዎች በጠላት ጥይት ሳይሆን በገዛ ስሕተታቸው ይወድቁ ነበር፤ ከመካከላቸውም ጀማሪ ያልሆኑ፣ በሙያቸው የተመሰገኑ ይገኙበታል። ስለ ድካም እስከዚያን ጊዜ የነበረው ትምህርት ከጡንቻ የተቀዳ ነበር፤ ሰው ጣቱን እያጠፈና እየዘረጋ ክብደት እንዲያነሣ ይደረጋል፣ የሚያነሣው መጠን እየቀነሰ ሲሄድም ደከመ ይባላል። አብራሪ ግን ክብደት አያነሣም። ተቀምጦ መሣሪያ ያነባል፣ ያገናዝባል፣ በእጁና በእግሩ ጥቂት ያንቀሳቅሳል። የዚህን ሰው ድካም በምን እንለካው?

ክሬይክ የሰጠው መልስ የመሐንዲስ መልስ ነበር። የስፒትፋየር አይሮፕላን የአብራሪ ክፍል በቤተ ሙከራው ውስጥ እንዲተከል አደረገ፤ መሪውንና መርገጫዎቹን ከመለኪያዎቹ ጋር በማገናኘት አብራሪው የሚያደርገው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በእውነተኛ በረራ ላይ እንደሚሆነው በመለኪያዎቹ ላይ እንዲታይ፣ ከዚያም አልፎ እንዲመዘገብ አሰናዳው። ይህ መሣሪያ በኋላ የካምብሪጅ ኮክፒት ተብሎ ታወቀ። ክፍሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ መሬትም ሰማይም አይታይበትም። አብራሪው የሚበረው በመለኪያዎቹ ብቻ፣ በደመና ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው። ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ገና ባልተወለደበት ጊዜ ይህን ያህል መሥራት የቱን ያህል ብልሃት እንደጠየቀ የሙያ ባልደረቦቼ ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ አብራሪዎች ተፈተኑ፤ ሙከራውን በዋናነት ያካሄደው የክሬይክ ባልደረባ ድሩ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አብራሪ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበር ነበር። የተገኘው ውጤት ማንም ያልጠበቀው ነው። የደከመው አብራሪ ሥራውን አልቀነሰም፤ እጁም አልዛለም። የተለወጠው ለራሱ ያስቀመጠው መስፈርት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መርፌው ጥቂት ሲዛነፍ ወዲያው ያርም የነበረው ሰው፣ ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ከዚያ የሰፋ መዛነፍ እያየ በቂ ነው ብሎ ማለፍ ጀመረ። እኛ የሚፈቀድ የስሕተት ወሰን የምንለው ነገር በአእምሮው ውስጥ ማንም ሳይፈቅድ እየሰፋ ሄደ ማለት ነው። ትክክለኛውን እርምጃ ባልተስተካከለ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀድሞ እንደ አንድ ሥዕል በአንድነት ያነባቸው የነበሩትን መለኪያዎች አሁን አንድ በአንድ፣ እርስ በርሳቸው እንደማይተዋወቁ አድርጎ ይመለከታቸዋል። ከዐይኑ ፊት ያሉትን ሲከታተል በጠርዝ ያሉትን ይረሳል። በየጊዜው መታየት የነበረበት የነዳጅ ምልክት በተደጋጋሚ ከተዘነጉት አንዱ ነበር።

ሌላም አለ። ድካሙ ሲጨምር አብራሪው ይነጫነጫል፤ ጥፋቱን ወደ መሣሪያው ያላክካል፣ መሪው ጠነከረ፣ መለኪያው ተበላሸ ይላል። ጕዞው ሊያበቃ መቃረቡን ሲያውቅ ደግሞ፣ ጥንቃቄ በሚያስፈልግበት በዚያ ሰዓት ላይ፣ ስሕተቱ በድንገት ይበዛል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ከበረራው በኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ሥራቸውን እንደ መጀመሪያው፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው አሻሽለው እንደሠሩ የሚያምኑ መሆናቸው ነው። ይህን ሲሉ አልዋሹም። ሥራቸውን የሚለኩበት ሚዛን ከሥራቸው ጋር አብሮ ስለ ዘቀጠ ልዩነቱን የሚያዩበት ዐይን አልነበራቸውም። በእኔ አስተያየት የክሬይክና የጓደኞቹ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ለመብረር ብቁ ነህ ወይ ብሎ አብራሪውን መጠየቅ ብቻውን እንደ ደኅንነት መከላከያ ሊቈጠር እንደማይችል በቍጥር አሳይቷልና።

በዚያው ክፍል የአእምሮ ሐኪሙ ራስል ዴቪስ ባካሄደው፣ በ1948 በታተመው ጥናት ደግሞ ውጥረት ሲበዛባቸው አብራሪዎች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ከሥርዐት እንደሚወጡ ታወቀ። አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ትንሹን መዛነፍ በትልቅ እርማት ይመልሳሉ፣ ይጨነቃሉ፣ ይቸኩላሉ። ሌሎቹ በተቃራኒው ይቀዘቅዛሉ፤ መርፌው ሲሄድ እያዩ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ሥራው ከእነርሱ የራቀ ይመስላቸዋል። በቍጥጥር ምሕንድስና ለሠለጠነ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዱ ከልክ በላይ የሚያርም፣ ሌላው ከናካቴው የማያርም ሥርዐት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ የተዛባው ሽቦ ሳይሆን የተጨነቀ ሰው መሆኑ ነው። የሙከራው አሠሪዎች ዓላማ ጦርነቱን ማሸነፍ እንጂ የእነዚህን ወጣቶች ጭንቀት ማከም እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም።

ክሬይክ በ1943 ስለ ማስረዳት ምንነት የሚያትተውን ትንሹን መጽሐፉን አሳተመ። በውስጡ የሎርድ ኬልቪንን የባሕር ማዕበል መተንበያ ማሽን ይጠቅሳል፤ ይህ ማሽን ባሕርን የማይመስል የጎማዎችና የገመዶች ስብስብ ሲሆን የባሕሩን ከፍታና ዝቅታ ግን አስቀድሞ ይናገራል። የሰው አእምሮም እንዲሁ በውጭ ያለውን ዓለም የሚወክል ትንሽ አምሳያ በውስጡ ሠርቶ፣ ነገሩ ከመድረሱ በፊት በአምሳያው ላይ ይሞክረዋል የሚለው የክሬይክ አሳብ ከጊዜ በኋላ በሥነ ልቡናም በኮምፒዩተር ሳይንስም ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። አምሳያው ትክክል እስከ ሆነ ድረስ አብራሪው ከአይሮፕላኑ ቀድሞ ይሄዳል፤ አምሳያው ሲሳሳት ደግሞ በሌለ አይሮፕላን ላይ እየበረረ መሆኑን አያውቅም። ከሞተ በኋላ በ1947 እና በ1948 በታተሙት ሁለት ጽሑፎቹም ሰውን በቍጥጥር ሥርዐት ውስጥ እንዳለ አንድ ሰርቮ ቈጥሮ መረመረው፤ ዒላማ የሚከተል ሰው ያለማቋረጥ የሚያርም ቢመስለውም በእርግጥ የሚያርመው በየግማሽ ሰኮንዱ ገደማ በቁርጥራጭ መሆኑን አመለከተ።

በ1944 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በካምብሪጅ የተግባራዊ ሥነ ልቡና ምርምር ክፍል ሲያቋቁም ክሬይክ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቈየ። ግንቦት 7 ቀን 1945 በካምብሪጅ ከተማ በቢስክሌት ሲጓዝ ባልታሰበ ሁኔታ የተከፈተ የመኪና በር መትቶት ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ወደቀና ሞተ። በማግሥቱ በአውሮፓ የጦርነቱ ፍጻሜ በዐዋጅ ተነገረ። አስከሬኑ በኤዲንብራ ተቀበረ፤ የምርምር ክፍሉን ባርትሌት ተረከበው።

ካምብሪጅ የታየው ነገር በመንገደኞች አይሮፕላን ላይ ተደግሞ እስኪታይ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ታኅሣሥ 29 ቀን 1972 የኢስተርን አየር መንገድ አይሮፕላን ማያሚ አጠገብ ሲቃረብ የፊት ጎማው መውረዱን የሚያሳየው መብራት አልበራም። የበረራው ሠራተኞች በሙሉ በአንዲት አምፑል ሲጠመዱ አይሮፕላኑ ቀስ በቀስ ከፍታውን ለቅቆ ረግረግ ላይ ወደቀ፤ 101 ሰዎች ሞቱ። በስድስተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1978፣ የዩናይትድ አየር መንገድ አይሮፕላን በፖርትላንድ ከተማ ላይ ስለ ማረፊያ ጎማው እየተጨነቀ ሲያንዣብብ ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። እነዚህ ሰዎች የግድ ደክመው ነበር አልልም፤ ነገር ግን የትኩረቱ መጥበብ፣ የነዳጅ መለኪያውም መረሳት ከ1940 ዓ.ም. ሙከራ ጋር አንድ ዐይነት ነው። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ረዳት አብራሪው አለቃውን ደፍሮ እንዲናገር የሚያሠለጥነው ትምህርት በዩናይትድ በ1981 ተጀመረ። ይህም ማለት አንዱ መለኪያ በሌላው እንዲታረም ማድረግ ነው። በ2009 በአሜሪካ ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰዎች ከሞቱበት አደጋ በኋላ ደግሞ የዕረፍት ሕጉ ተለወጠ፤ ከ2014 ጀምሮ የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪ ከበረራ በፊት ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት፣ በዚያም ውስጥ ሳይቋረጥ ለ8 ሰዓት የመተኛት ዕድል ይሰጠዋል።

ሰዓት መቍጠር ግን ድካምን እንጂ የተሸሸገ ሕመምን አይዝም። መጋቢት 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ አለቃው ለአፍታ ከክፍሉ ሲወጣ በሩን ቈልፎ አይሮፕላኑን በፈረንሳይ ተራሮች ላይ ከሰከሰው፤ 150 ሰዎች አለቁ። ሐኪም ለሥራ ብቁ አይደለህም ብሎ የሰጠውን ወረቀት ለአሠሪዎቹ አላሳየም። የፈረንሳይ መርማሪዎች ከተመለከቷቸው ምክንያቶች አንዱ የመብረር ፈቃዱንና መተዳደሪያውን አጣለሁ የሚለው ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ የክሬይክ ሙከራ ከሚነግረን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ያስፈልጋል። የደከመው አብራሪ ስለማያውቅ አይናገርም፤ የታመመው አብራሪ ደግሞ እያወቀ አይናገርም፤ ምክንያቱም መናገር እንጀራውን ያስቈርጠዋል። ለመጀመሪያው ውጫዊ መለኪያ ይበቃዋል፤ ለሁለተኛው ግን እውነቱን የተናገረ ሰው እንዳይቀጣ ማድረግ ግድ ነው። ጥብቅ ምርመራ ብቻ ይብዛ የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት የተመለከቱት አይመስለኝም፤ መርማሪው በጠበቀ ቍጥር የሚደበቀውም ይበዛልና።

የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2010 ከአራት የድብርት መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ አብራሪ በሐኪም ክትትል ሥር ሆኖ ሥራውን እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ከዚያ በፊት መድኃኒቱን የዋጠ ከሥራው ይታገድ ስለ ነበር ብዙው ይዋጥ የነበረው በስውር ነው፣ ወይም ጨርሶ አይወሰድም ነበር። በአውሮፓም በ2018 ወጥቶ ከ2021 ጀምሮ የጸናው ሕግ አየር መንገዶች አብራሪው በመደበኛ በረራ ላይ ከመሰማራቱ በፊት የሥነ ልቡና ምዘና እንዲያደርጉ፣ ከዚህም ጋር ችግር የገጠመው አብራሪ ምስጢሩ ተጠብቆለት የሚረዳበትን የሙያ ባልደረቦች ድጋፍ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። በዚህ አሠራር የተቸገረው አብራሪ በቅድሚያ የሚያነጋግረው አለቃውን ወይም ፈቃድ ሰጪውን ሐኪም ሳይሆን፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ሌላ አብራሪን ነው።