አጨራረስ ያልተሰጠው ሯጭ

የረዥም ርቀት ሩጫ ብልኀት የታወቀ ነው፤ ብልኅ ሯጭ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ጉልበቱን ይቈጥብና በመጨረሻው ዙር ተስፈንጥሮ ያልፋል። የሶቪየት ኅብረቱ ቭላዲሚር ኩትስ ግን ይህ የመጨረሻ ፍጥነት አልነበረውም። ዝናውን ያገኘውም ይህንኑ ጐደሎውን ዐውቆ ነው።

ኩትስ በ1927 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በዩክሬን አሌክሲኖ በምትባል መንደር ተወለደ። በባልቲክ ባሕር ኃይልም አገለገለ። በ1954 በርን ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ በ5,000 ሜትር፣ እንግሊዛዊውን ቻታዌይንና ስመ ጥሩውን ዛቶፔክን አስከትሎ በ13 ደቂቃ ከ56.6 ሰከንድ የዓለምን ሬኮርድ ሰበረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቻታዌይ ለንደን ላይ እንደ ጥላ ተከትሎት ቈየና ከገመዱ አጠገብ ቀደመው። ኩትስ ከ10 ቀን በኋላ ሬኮርዱን ፕራግ ላይ ቢያስመልስም ችግሩ አልተወገደም፤ በ1956 ጎርደን ፒሪ በርገን ላይ በዚያው መንገድ ድል ነሣው።

እንግዲህ ለኩትስ የቀረለት አንድ መንገድ ነበር፤ ይኸውም ተከታዩ ለመጨረሻው ዙር ጉልበት እንዳይተርፈው ማድረግ ነው። ስለዚህ በአንድ ልክ መሮጥን ትቶ በየመካከሉ በድንገት መፍጠን፣ ወዲያው ቀዝቀዝ ማለት፣ እንደገናም መፍጠን ተለማመደ። ይህ ስልት ተከታዩን እንደሚያደክም ሁሉ ባለቤቱንም ያደክማል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በ10,000 ሜትር፣ ፒሪ አልለቅም ብሎ ተከተለው። ኩትስ ደጋግሞ ፈጠነ፤ ፒሪም ደጋግሞ ደረሰበት። ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ኩትስ ፍጥነቱን ቀንሶ ፒሪን አሳለፈውና መድከሙን ካየ በኋላ እንደገና ተፈተለከ። ኩትስ በ28 ደቂቃ ከ45.6 ሰከንድ ወርቁን ሲወስድ ፒሪ 8ኛ ወጣ። ከ5 ቀን በኋላም 5,000ውን ፒሪን አስከትሎ አሸነፈ።

በ1957 ሮማ ላይ ያስመዘገበው 13 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ከ7 ዓመት በላይ ሳይደፈር ቈይቶ በ1965 በአውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ተሰበረ። ኩትስ ግን በ1959 ከውድድር ወጣ፤ አሠልጣኝም ሆነ። በ1975 ሞስኮ ውስጥ ሲሞት ገና የ48 ዓመት ሰው ነበር።

ተፈጥሮ የነሣችውን በድካሙ የሚገዛ ሰው ዋጋው ከባድ ነው። ኩትስ ከሌላው ጀርባ ተሸሽጎ ከመሮጥ ይልቅ ከፊት ሆኖ መክፈልን መረጠ።