ስሕተቱን ያመነው ሊቅ - ኢቫን ፓቭሎቭ

በምሳ ሰዓት ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ ስንራመድ ከየቤቱ የሚወጣው የቁሌት ሽታ አፋችንን ምራቅ በምራቅ ያደርገዋል። ምግቡ ገና አልተቀመሰም፤ ታዲያ ማን አዘዘ? ይህን መሰሉን ጥያቄ ብዙ ዘመን የተከታተለው ሰው ፓቭሎቭ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓቭሎቭ በ1849 በሩሲያ፣ በርያዛን ከተማ፣ ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ወድቆ በመጎዳቱ ትምህርት ቤት የገባው በ11 ዓመቱ ነበር። በ1870 የመንፈሳዊ ትምህርቱን ትቶ ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1881 ለመምህርነት የተማረችውን ሴራፊማን አገባ። ኑሯቸው የድህነት ነበር፤ ወዳጆቹ ያዋጡለትን ገንዘብ እንኳ ለምርምሩ ውሻ ገዛበት ይባላል።

በአንድ ሙከራው ውሻው የዋጠው ምግብ አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወድቃል። ጨጓራው ምንም ሳይደርሰው ጭማቂውን ያፈልቃል! ከአንጎል ግንድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲቆረጥ ግን ዝም አለ። ትእዛዙ የሚመጣው በዚያ ነርቭ ነበር ማለት ነው። ለምግብ መፈጨት ጥናቱ በ1904 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ትልቁ ፈተና የገጠመው ግን ከሽልማቱ 2 ዓመት በፊት ነው። ፓቭሎቭ ቆሽትንም የሚያዘው ነርቭ ብቻ ነው ብሎ ሲያስተምር፣ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ነርቭ ሳይኖር በደም የሚሄድ ንጥረ ነገር ቆሽትን እንደሚያዝ አሳዩ። ፓቭሎቭ ሙከራውን አስደገመ። ውጤቱን አይቶ ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሲመለስም ልክ እነሱ መሆናቸውን በረዳቶቹ ፊት አመነ።

ዛሬ ደግሞ ከዚያ የሰፋ እናውቃለን። አብዛኞቹ የቬገስ ክሮች አዛዥ ሳይሆኑ ወሬ አቀባይ ናቸው፤ የልብን፣ የሳንባንና የሆድን ሁኔታ ለአንጎል ግንድ ይነግራሉ። የአንጎል ግንድም የሰማውን ሁሉ እንዳለ አያሳልፍም፤ እንደ ረሃቡና እንደ ጥጋቡ አንዱን ያጎላል፣ ሌላውን ያለዝባል። እንግዲህ ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ ሐሳቡ ከሰሌዳው ቢርቅ፣ ቶሎ ሰነፍ አንበለው።

ፓቭሎቭ የካቲት መጨረሻ 1936 በ86 ዓመቱ ሌኒንግራድ ውስጥ አረፈ። ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ስሕተታችንን ቢያሳየን ምን እናደርግ ይሆን? ፓቭሎቭ ያደረገውን ካደረግን፣ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ከሁላችንም በላይ የተማረው መምህሩ ነው።