ተዋናዩ ራጅ ካፑር

ጂቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ በባሕር የመጣው ወደ መሀል አገር፣ ከመሀል አገር የመጣውም ወደ ባሕር የሚተላለፍባት በር ሆና ኖራለች። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በዚህች ከተማ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች፣ ቋንቋዎችና ሸቀጦች ይገናኙ ነበር። ባሕር ተሻግረው ወደ ከተማዋ ከገቡት ነገሮች መካከል አንዱ የሕንድ ፊልም ነው። ተመልካቹ የሂንዲ ቋንቋ ባያውቅም ሲኒማ ቤት ገብቶ ከባለታሪኩ ጋር ይስቅ፣ ከባለታሪኩ ጋርም ያለቅስ ነበር፤ ሲወጣም ዜማውን እያንጐራጐረ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የጂቡቲ ሙዚቀኞችም ከሕንድ ፊልም ዘፈኖች ብዙ ነገር ቀስመዋል። የሕንድን ፊልም ከአገሩ ወሰን አሻግረው ለዓለም ካስተዋወቁት ተዋንያን መካከል በግንባር ቀደምትነት ስሙ የሚጠራው ራጅ ካፑር ነው።

ራጅ ካፑር ዲሴምበር 14 ቀን 1924 ፔሻዋር በተባለችው ከተማ፣ አያቱ ባሠሩት ሰፊ ቤት ውስጥ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በ1947 ነጻነት ሲታወጅ አገሪቱ ለሁለት ስለ ተከፈለች፣ ፔሻዋር ዛሬ የምትገኘው በፓኪስታን ውስጥ ነው። አባቱ ፕሪትቪራጅ ካፑር ከፔሻዋር ወደ ቦምቤይ ሄዶ የተዋናይነትን ሙያ የያዘ፣ በ1931 በተሠራው የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የሕንድ ፊልም ውስጥም የተጫወተ ሰው ነበር። በ1944 ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ትርኢት የሚያሳይ የቲያትር ቡድን አቋቋመ። ራጅ የዚህ ስመ ጥሩ ሰው የበኵር ልጅ ነበር። ሻሚና ሻሺ የተባሉት ታናናሽ ወንድሞቹም በኋላ የታወቁ ተዋንያን ሆነዋል።

ራጅ ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ በ1935 በአንድ ፊልም ውስጥ በትንሽ ሚና ታየ። በትምህርቱ ግን አልገፋም፤ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ፈተና ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ፊልም ሥራ አዘነበለ። የታዋቂ ሰው ልጅ እንደ መሆኑ በአባቱ ስም በቀላሉ ትልቅ ቦታ ማግኘት ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ፕሪትቪራጅ ለልጁ አቋራጭ መንገድ አልፈለገለትም። ልጁ የሙያውን ሀሁ ከታች ጀምሮ እንዲማር ስለ ፈለገ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ሠራተኛ በአነስተኛ ደመወዝ ሥራ እንዲጀምር አደረገው። ወጣቱ በአባቱ ቲያትር መድረክ ጠረገ፤ ዕቃ ተሸከመ፤ አነስተኛ ሚናዎችንም ተጫወተ።

በፊልም ቤት ደግሞ በኪዳር ሻርማ ሥር በረዳትነት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው የትዕይንቱ ቍጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ በካሜራው ፊት ይዞ ማጨብጨብ ነበር። ራጅ ግን ሰሌዳውን በያዘ ቍጥር ፀጉሩን አሰማምሮ ፊቱን ለካሜራው ማሳየት ይወድ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሰሌዳውን ሲያጨበጭብ የአንዱን ተዋናይ ሰው ሠራሽ ጢም ቆንጥጦ ያዘውና ጢሙ ከነሰሌዳው ተነቅሎ ወጣ። ብዙ የተደከመበት ትዕይንት ስለ ተበላሸ ኪዳር ሻርማ ተቈጥቶ በሰው ፊት በጥፊ መታው። ወጣቱ አባቱን ጠርቶ አልከሰሰም፤ ሥራውንም ጥሎ አልሄደም። ሻርማ ንዴቱ ሲበርድለት በድርጊቱ ተጸጸተ፤ የልጁንም ትዕግሥትና ለካሜራ ያለውን ፍቅር አስተዋለ። በ1947 በወጣው «ኒል ካማል» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ራጅን ዋና ተዋናይ ያደረገው ይኸው ሰው ነው።

ራጅ ካፑር በዚህ ብቻ አልተወሰነም። በ1948፣ ገና ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ በራሱ ስም የሚጠራ የፊልም ድርጅት አቋቁሞ «አግ» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሙን ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተ። ትርጉሙ እሳት ማለት ነው። ይህ ፊልም ብዙ ገንዘብ አላስገባም። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው «ባርሳት»፣ ማለትም ዝናም፣ የተባለው ሁለተኛ ፊልም ግን በመላ አገሪቱ ተወደደለት። በዚህ ፊልም ውስጥ ባለታሪኩ በአንድ እጁ ቫዮሊን፣ በሌላው እጁ ወዳጁን ይዞ የሚታይበት ትዕይንት የድርጅቱ ዓርማ ሆነ። የተገኘውን ትርፍም ለድሎት አላዋለውም፤ ቸምቡር በተባለው የቦምቤይ ዳርቻ የራሱን የፊልም ስቱዲዮ ሠራበት። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ከአንዱ ፊልም ያገኘውን በሌላው ላይ ማዋል የሕይወቱ ልማድ ሆነ።

ራጅ ካፑር የሰውን ተሰጥኦ የሚለይ ዐይን ነበረው። ግጥም ጸሓፊው ሻይሌንድራ በባቡር ድርጅት የጥገና ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ራጅ በአንድ የግጥም ጉባኤ ላይ ሰምቶት ለፊልም እንዲጽፍለት ቢጠይቀው፣ ግጥሙን ለገንዘብ እንደማይሸጥ ነግሮ አሰናበተው። በኋላ ሚስቱ በፀነሰች ጊዜ ገንዘብ ቢቸግረው ራሱ ወደ ራጅ መጣ፤ ለ«ባርሳት» ሁለት ዘፈኖች ጽፎም አምስት መቶ ሩፒ ተከፈለው። ሌላው ገጣሚ ሀስራት ጃይፑሪ የአውቶቡስ ትኬት ቈራጭ ነበር። ሻንካርና ጃይኪሻን የተባሉት ጓደኛሞች ዜማውን ይደርሳሉ። በሕንድ ፊልም ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ የሚዘፍነው ሌላ ሰው በመሆኑ፣ የራጅ ድምፅ ሆኖ ብዙውን ጊዜ የዘፈነለት ሙኬሽ ነበር። ክዋጃ አሕመድ አባስ ታሪኩን ይጽፋል። ናርጊስ የተባለችው ታላቅ ተዋናይትም በብዙ ፊልሞች ከጎኑ ቆማለች። የራጅ ካፑር ዝና የእነዚህ ሁሉ ሰዎች የጋራ ድካም ውጤት ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙን በዓለም ያስጠራው በ1951 የወጣው «አዋራ» ነው። ቃሉ በአማርኛ አቧራ ማለት ከሆነው ቃል ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም፣ በሂንዲ ቤት የለሽ ተንከራታች ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንድ ዳኛ የሌባ ልጅ ምንጊዜም ሌባ፣ የጨዋ ልጅም ምንጊዜም ጨዋ ነው ብሎ ያምናል። ሚስቱ በሽፍታ ተጠልፋ ስትመለስ ጠርጥሯት በፀነሰችበት ወራት ከቤት ያባርራታል። ልጁ በድኾች ሰፈር ተወልዶ ያድጋል። ያ ሽፍታ ቂሙን ለመወጣት ሲል የዳኛውን ልጅ ስርቆት ያስተምረዋል። በመጨረሻም ልጁ አባቱን ለመግደል ሞክሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እንግዲህ ፊልሙ ሰውን ሰው የሚያደርገው የዘር ሐረጉ ነው ወይስ ያደገበት ኑሮ የሚለውን ከባድ ጥያቄ በተመልካቹ ፊት ያቀርባል።

የሚያስገርመው፣ በፊልሙ ውስጥ ዳኛውን ሆኖ የተጫወተው የራጅ እውነተኛ አባት ፕሪትቪራጅ መሆኑ ነው። የባለታሪኩን የልጅነት ዘመን የተጫወተው ወንድሙ ሻሺ ሲሆን፣ አያቱም በችሎት ላይ እንደ ተቀመጠ ዳኛ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ይታያል። ትውልድ ሰውን አይወስነውም የሚለውን ታሪክ አንድ ቤተሰብ በሦስት ትውልድ ቆሞ ተረከው ማለት ነው። ራጅም ቢሆን የአባቱን ስም ወርሷል፤ ሙያውን ግን መጥረጊያና ሰሌዳ ይዞ በራሱ ድካም አግኝቶታል።

«አዋራ» በ1953 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ የፊልም በዓል ላይ ለውድድር ቀረበ። በ1954 በሶቪየት ኅብረት ሲታይ ወደ 64 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች እንዳገኘ ይነገራል። ራጅና ናርጊስ በዚያው ዓመት ሞስኮን ሲጎበኙ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ተቀበላቸው። ፊልሙ በቱርክ፣ በቻይና፣ በዐረብ አገሮችና በአፍሪካም ተወደደ። በጦርነት፣ በስደትና በድኽነት ብዙ ያየ ሕዝብ፣ የተቀደደ ጫማ አጥልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ቆቡን አጋድሞ እየሣቀ በሚሄደው ምስኪን ውስጥ ራሱን አየ። ራጅ ይህን ገጸ ባሕርይ ሲቀርጽ ከእንግሊዛዊው ኮሜዲያን ከቻርሊ ቻፕሊን ብዙ ተምሯል፤ ነገር ግን የሕንድን ቋንቋ፣ ዜማና ችግር አልብሶታል።

ይኸው ተንከራታች በ1955 በወጣው «ሽሪ 420» ውስጥ እንደ ገና ይታያል። 420 በዚያን ጊዜ በሕንድ የወንጀል ሕግ ማጭበርበርን የሚመለከተው አንቀጽ ቍጥር ነበር። ባለታሪኩ ሥራ ፍለጋ ቦምቤይ ገብቶ ቢቸግረው፣ ስለ ሐቀኝነቱ የተሸለመውን ሜዳይ በወለድ አገድ ያስይዛል። በ1956 በተሠራው «ጃግቴ ራሆ» ውስጥ ደግሞ ራጅ ውሃ የጠማው የገጠር ሰው ሆኖ ተጫወተ። ሰውየው ውሃ ፍለጋ በሌሊት አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሲገባ ሌባ ተብሎ ይታደናል፤ በየክፍሉ ሲደበቅ ግን ዋናዎቹ ሌቦች የተከበሩት ነዋሪዎች ሆነው ያገኛቸዋል። ይህ ፊልም በ1957 በቼኮስሎቫኪያ በካርሎቪ ቫሪ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ። ከዚህ በኋላ ራጅና ናርጊስ በሥራ ተለያዩ።

በ1964 የወጣው «ሳንጋም» የድርጅቱ የመጀመሪያ ባለቀለም ፊልም ሲሆን እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገባ። ራጅም ልማዱን ሳይለውጥ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ታላቅ ሐሳብ ላይ አዋለ። «ሜራ ናም ጆከር» የተባለው ይህ ፊልም የአንድ የሰርከስ ቀልደኛን ሕይወት የሚተርክ ነበር። ቀልደኛው እናቱ በትርኢቱ መካከል ሕይወቷ ሲያልፍ እንኳ እንባውን ውጦ ሕዝቡን ያስቃል። ፊልሙን ለመጨረስ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ርዝመቱም ከአራት ሰዓት በላይ ሆነ። በ1970 መጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ተመልካች ሸሸው። ራጅ ስቱዲዮውን አስይዞ የተበደረ ስለ ነበር ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። ኀዘንም ተደራረበበት። ወዳጁ ሻይሌንድራ ቀደም ሲል፣ በ1966፣ በራጅ የልደት ቀን አርፎ ነበር። በ1971 ከዜማ ደራሲዎቹ አንዱ ጃይኪሻን፣ በ1972 ደግሞ አባቱ ፕሪትቪራጅ ሞቱ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የራጅ ካፑር ዘመን አበቃ ብለው ነበር። እሱ ግን እንደ ገና ከታች ጀመረ። ዋና ተዋናይ ሆኖ መታየቱን ለሌላ ትቶ ከካሜራው በስተኋላ ቆመ። ዝነኛ ተዋንያንን ለመቅጠር ዐቅም ስላልነበረው ሁለተኛ ልጁን ሪሺንና ከዚያ በፊት ተጫውታ የማታውቀውን ወጣት ዲምፕል ካፓዲያን መረጠ። በ1973 የወጣው «ቦቢ»፣ የሀብታም ልጅና የዓሣ አጥማጅ ልጅ ያላቸውን ፍቅር የሚተርከው ፊልም፣ ወጣቱን ሁሉ ወደ ሲኒማ ቤት ጎተተው። ራጅ ዕዳውን ከፈለ። የተናቀው «ጆከር»ም ውሎ አድሮ ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዱ ተብሎ ተቈጠረ። ራጅ ከዚህ በኋላ በ1982 «ፕሬም ሮግ» የተባለውን የባል አልባ ሴቶችን ችግር የሚያሳይ ፊልም፣ በ1985 ደግሞ የመጨረሻ ሥራው የሆነውን «ራም ቴሪ ጋንጋ ማይሊ»ን አዘጋጀ።

የሕንድ መንግሥት ለፊልም ሙያ የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት፣ የዳዳሳሄብ ፋልኬን ሽልማት፣ እንዲቀበል ሜይ 2 ቀን 1988 ወደ ዴልሂ ተጠራ። ለብዙ ጊዜ ያሠቃየው የአስም በሽታ በአዳራሹ ውስጥ ተነሣበት። ስሙ ሲጠራ ወደ መድረክ መውጣት ስላልቻለ፣ ፕሬዚዳንቱ ራማስዋሚ ቬንካታራማን ሥርዓቱን ትተው ከመድረክ ወርደው ወደ ተቀመጠበት ሄዱና ሽልማቱን ሰጡት። ከዚያው ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። አንድ ወር ታክሞ ጁን 2 ቀን 1988 በስድሳ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። ሊሠራው ጀምሮት የነበረው «ሄና» የሕንድና የፓኪስታን ወሰን ሊያግደው ያልቻለ ፍቅር ታሪክ ነው፤ የበኵር ልጁ ራንዲር በ1991 ፈጸመለት።

ራጅ ካፑር ሕይወቱን ያፈሰሰበት ስቱዲዮ በ2017 እሳት አቃጠለው፤ በ2019ም ቦታው ለቤት ሠሪ ኩባንያ ተሸጠ። የሠራቸው ፊልሞች ግን ቀርተዋል። ቋንቋውን ያልሰሙ ሰዎች፣ ከሞስኮ እስከ ቀይ ባሕር ወደቦች፣ የዚያን ባለተቀደደ ጫማ ተንከራታች ሣቅ ያውቁታል። ያ ሣቅ ለራጅ ካፑር በውርስ የመጣለት አልነበረም። በአባቱ መድረክ ላይ በያዘው መጥረጊያ፣ በሰው ፊት በቀመሰው ጥፊ፣ ባጣው ገንዘብና በቀበራቸው ወዳጆች ተገዝቷል። የወላጅ ስም በር ሊከፍት ይችላል፤ በሩን አልፎ የሚሠራው ግን ራሱ ሰውየው እንደ ሆነ የዚህ ተዋናይ የሕይወት ታሪክ ያስተምራል።