ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ፡ ኤሌክትሪክን ከአንድ ሠፈር አውጥቶ ወደ ሩቅ ከተሞች ያደረሰ የፈጠራ ሰው

በየመሥሪያ ቤቱ የሚበራው አምፖልም ሆነ የሚሠራው ኮምፒዩተር ኃይሉን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ከሚገኝ ማመንጫ ጣቢያ ነው። ኤሌክትሪኩ በዚህ ረጅም ጉዞ ቮልቴጁ በመነሻው ላይ ከፍ ይደረጋል፣ በመድረሻው ላይ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ይላል። ይህን አሠራር ከቤተ ሙከራ አውጥተው ለሕዝብ አገልግሎት ካበቁት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌስቲንግሃውስ ኦክቶበር 6 ቀን 1846 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ሴንትራል ብሪጅ ተወለደ። አባቱ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚያመርት ወርክሾፕ ስለነበረው ልጁ ከማሽን ጋር የተዋወቀው ገና በለጋ ዕድሜው ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በሰሜኑ ወገን ተሰልፎ በጦር ሠራዊትና በባሕር ኃይል አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ ዩኒየን ኮሌጅ ቢገባም ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጠራው በ1869 የፈጠራ መብት ያገኘበት የባቡር የአየር ፍሬን ነው። ከዚያ በፊት ባቡር የሚቆመው ሠራተኞች ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተሻገሩ የእጅ ፍሬኑን አንድ በአንድ በማጥበቅ ስለነበር ብዙዎች ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። አዲሱ ፍሬን ግን ባቡሩን በሙሉ ከአንድ ቦታ ሆኖ በታመቀ አየር ለማቆም አስቻለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1893 ባወጣው የባቡር ደህንነት ሕግ የአየር ፍሬን መጠቀምን ግዴታ አድርጎታል።

በ1884 ዌስቲንግሃውስ በፒትስበርግ በሚገኘው ግቢው ውስጥ ባስቆፈረው ጉድጓድ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ጋዙን ለከተማው ለማዳረስ የቀየሰው ዘዴ ለኋላ ሥራው ፈር የቀደደ ነበር። ጋዙ ከጉድጓዱ በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቧንቧ ይጓዛል፤ ወደ ተጠቃሚው ሲቃረብ ቧንቧው እየሰፋ ስለሚሄድ ግፊቱ ለቤት አገልግሎት ወደሚመች መጠን ይወርዳል። ኤሌክትሪክም በተመሳሳይ መንገድ ሊጓዝ እንደሚችል የተገነዘበው ብዙም ሳይቆይ ነው።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ አገልግሎት በቶማስ ኤዲሰን እጅ ነበር ማለት ይቻላል። ኤዲሰን በ1882 በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ሥራ ያስጀመረው ጣቢያ 110 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ከረንት ያሠራጭ ነበር። ችግሩ ኃይሉ ከጣቢያው ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም ርቆ ለመሄድ አለመቻሉ ነው። በሽቦ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ኃይል በከረንቱ መጠን ስኩዌር ልክ ይጨምራል። በአንጻሩ ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ቢያድግ ያንኑ ኃይል ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ከረንት ወደ አንድ አሥረኛ፣ ብክነቱም ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ቀጥተኛ ከረንትን ግን ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ በዘመኑ የሚያዋጣ ዘዴ አልነበረም።

መፍትሔው ትራንስፎርመር ሆነ። ትራንስፎርመር በአንድ የብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ያሉት መሣሪያ ነው። በአንደኛው ጥቅል ተለዋዋጭ ከረንት ሲያልፍ በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው የማያቋርጥ የማግኔት ለውጥ በሁለተኛው ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የመጀመሪያው ጥቅል 1000 ዙር፣ ሁለተኛው 100 ዙር ቢኖራቸው 2000 ቮልት ወደ 200 ቮልት ይወርዳል።

ዌስቲንግሃውስ ፈረንሳዊው ሉሲየን ጎላርና እንግሊዛዊው ጆን ጊብስ በአውሮፓ ያሳዩትን ትራንስፎርመር የመጠቀም መብት በ1885 ገዛ። በጎላርና በጊብስ አሠራር ትራንስፎርመሮቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንድ መብራት ሲጠፋ የሌሎቹ ቮልቴጅ ይዛባ ነበር። የሃንጋሪ መሐንዲሶች በዚያው ዓመት ጉድለቱን ያረሙ ሲሆን፣ በዌስቲንግሃውስ በኩል ደግሞ መሐንዲሱ ዊልያም ስታንሊ ትራንስፎርመሮቹን ጎን ለጎን በማገናኘት በማርች 1886 የግሬት ባሪንግተንን ከተማ ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች አበራ። በኖቬምበር ወር በቡፋሎ ከተማ ለሽያጭ የቀረበ አገልግሎት ተጀመረ። በ1888 ደግሞ ዌስቲንግሃውስ የኒኮላ ቴስላን የተለዋዋጭ ከረንት ሞተር የመጠቀም መብት አገኘ።

ይህ እርምጃ ከኤዲሰን ወገን ጠንካራ ተቃውሞ አስነሳ። ተቃዋሚዎቹ ተለዋዋጭ ከረንት ገዳይ መሆኑን ለማሳየት በአደባባይ እንስሳትን በኤሌክትሪክ ገደሉ። የኒውዮርክ ግዛት በኤሌክትሪክ የሞት ቅጣት ለማስፈጸም ሲወስንም የዌስቲንግሃውስ ጄኔሬተሮች ያለ እሱ ፈቃድ ተገዝተው በ1890 ለዚሁ ተግባር ዋሉ። በሌላ በኩል የከፍተኛ ቮልቴጅ አደጋ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ክስ አልነበረም። በኒውዮርክ መንገዶች ላይ በዘፈቀደ የተዘረጉት ሽቦዎች የመስመር ሠራተኞችን ሕይወት ቀጥፈዋል። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ኃይሉን ማገድ ሳይሆን አዘረጋጉን በደንብ መምራትና መቆጣጠር ነበር።

ክርክሩ እልባት ያገኘው በሥራ ውጤት ነው። ዌስቲንግሃውስ በ1893 የተካሄደውን የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የመብራት ጨረታ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ባነሰ ዋጋ በማሸነፍ የኤግዚቢሽኑን ሥፍራ በተለዋዋጭ ከረንት አበራ። በዚያው ዓመት የናያጋራ ፏፏቴ ማመንጫ ጄኔሬተሮችን የመሥራት ውል ተሰጠው። በኖቬምበር 1896 በጄኔሬተሮቹ የመነጨው 2200 ቮልት ወደ 11 ሺህ ቮልት ከፍ ተደርጎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ ቡፋሎ ደረሰ።

ዌስቲንግሃውስ በሠራተኞች አያያዙም ይታወሳል። በፋብሪካው የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት እንዲሰጥ አድርጓል። ይሁን እንጂ በ1907 የተከሰተው የገንዘብ ቀውስ የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ዕዳ ውስጥ ዘፈቀው፤ በ1911ም ራሱ ከመሠረተው ድርጅት ተለየ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የሸለመው ሜዳሊያ በቀድሞ ተፎካካሪው በኤዲሰን ስም የተሰየመው ነበር። ማርች 12 ቀን 1914 በኒውዮርክ ሲያርፍ ከ360 በላይ የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበው ነበር። አስከሬኑም በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር አርፏል።

ከእሱ ሞት በኋላ የተገኙት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ቀጥተኛ ከረንትንም ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለመለወጥ አስችለዋል። ኢትዮጵያን ከኬንያ የሚያገናኘውና በ2022 ኃይል ማስተላለፍ የጀመረው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መስመር 500 ሺህ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚሸከም ሲሆን፣ በወላይታ ሶዶ በኩል ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ ጣቢያ አለው። የስልክ ቻርጀርም ቢሆን ከግድግዳ የሚያገኘውን 220 ቮልት ወደ ጥቂት ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ይለውጣል። ሁለቱ ተቀናቃኝ ከረንቶች ዛሬ ተደጋግፈው ይሠራሉ፤ ኃይልን ለጉዞው በሚመች ቮልቴጅ ልኮ ለተጠቃሚው በሚመች ቮልቴጅ የማስረከቡ መርህ ግን ዌስቲንግሃውስ ከጋዝ ቧንቧው የተማረው ያው መርህ ነው።